ስንት ሌሊት አለህ? (ስለዚያ የድንኳን ካርድ)

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ይዛችሁ አንብቡት፣ ካልተስማማችሁም በስነ ስርዓት ስደቡኝ።

ባለፈው ሳምንት እረፍት ሰዓት ላይ መምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ አንድ በደንብ የለበሰ ልጅ ፎልደር ይዞ ገባ። አርባ ምንጭ አካባቢ ካለ አንድ መዝናኛ ቦታ ነው የተላከው። ስሙን አልጠራም፣ ጠቤ ከወረቀቱ ጋር ነው። የሚሸጠው "የካምፒንግ አባልነት ካርድ" ነው። ሐይቅ የሚያይ የድንኳን ቦታ፣ ዓመቱን ሙሉ 24 ሌሊት በነጻ፣ ዋና በነጻ፣ ምግብ ላይ 15 በመቶ ቅናሽ። መመዝገቢያ 1,000 ብር፣ ከዚያ በየወሩ 800 ብር ከደመወዝ ተቆራጭ። "መምህራን ለሀገር ስለደከማችሁ ልዩ ዋጋ ነው" አለን። ደስ አለን። ማን እንዲህ ብሎን ያውቃል?

በዚያው ቀን 11 ሰው ፈረመ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ያዳነኝ የክፍለ ጊዜው ደወል ነው። ቅጹ የሚሰበሰበው የፊታችን አርብ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ዝም ማለት አልፈልግም። ያልፈረማችሁ አትፈርሙ። የፈረማችሁ፣ ወረቀቱ ገና ሒሳብ ክፍል አልደረሰም፣ መልሱት።

ለምን? እስቲ እንቁጠር። የሒሳብ መምህር አይደለሁም፣ ግን ይቺን ማንም ይቆጥራታል።

ወር በወር 800 ሲባል ትንሽ ይመስላል። በ12 ሲባዛ 9,600 ነው። መመዝገቢያው ሲጨመር የመጀመሪያው ዓመት 10,600 ብር። ሻጩ ልጅ ደግሞ እንዲህ አስልቶ አሳየን፦ ካርድ የሌለው ሰው ለአንድ ሌሊት የድንኳን ቦታ 600 ብር ይከፍላል፣ 24 ሲባዛ በ600 ይሆናል 14,400፣ ስለዚህ 3,800 ብር ታተርፋላችሁ። ሒሳቡ ልክ ነው። ስህተቱ ሒሳቡ ላይ ሳይሆን 24ቱ ላይ ነው። 24 ሌሊት ያለው ማን ነው?

ካርዱ ማትረፍ ይቅርና ወጪውን እንዲመልስ ብቻ 10,600ን ለ600 አካፍሉት። 18 ሌሊት ማደር አለባችሁ። አንድ ጊዜ ስንሄድ ሁለት ሌሊት እናድራለን ብንል 9 ጉዞ ነው። ከካምባ አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው 800 ብር ብንይዝ፣ ባልና ሚስት 1,600፣ በ9 ሲባዛ 14,400 ብር። ያቺ "ትከፍሏት ነበር" የተባለችው 14,400 ብር ተመልሳ መጣች፣ አሁን ግን የመኪና ሆና! በርግጥ መኪና ካርድ ያለውም የሌለውም ይከፍላል። ልዩነቱ ካርድ የሌለው ሰው 9 ጊዜ እንዲሄድ የሚያስገድደው ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ቀን እንፈልግ። ካላንደር ግድግዳው ላይ አለ፣ ተነሱና እዩ።

ቅዳሜና እሁድ? አርብ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ጨርሰህ መኪና ፈልግ እስቲ። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ማካካሻ አለ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሽምግልና አለ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰንደቅ ዓላማ ላይ መቆም ግድ ነው።

ክረምት? ግማሻችን ክረምት ክረምት እንማራለን። ሁለት ወር አርባ ምንጭ ብንቀመጥም ዶርም ውስጥ ነን፣ ለፈተና። ዋና ላማረው የሁለት ወሩን ዋና በየጊዜው ከፍሎ ይዋኝ። ለሁለት ወር ብሎ የ12 ወር የሚከፍል የለም።

መስቀልና ፋሲካ? ይህቺን በደንብ ስሙኝ። አርባ ምንጭ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፣ አንዱ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ፣ ሌላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ። ፋሲካና መስቀል የሚውሉት እዚያው ውስጥ ነው። ድንኳን ይዘህ ስትሄድ ዝናቡ ቀድሞህ ይጠብቅሃል። ዝናቡ ሲያባራ ወባ አለች። ቆላው ወባማ መሆኑን ለጋሞ ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ደጋው ላይ ያደግን ልጆች ወርደን ስንመለስ የምንታመመው ለዚህ ነው። ደግሞስ መስቀል ላይ ጋሞ ሰው ከያለበት ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ከቤቱ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ያድራል? አባትህ ምን ይልሃል?

እኔ ያለፈውን ዓመት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አርባ ምንጭ ያደርኩት፣ የክረምቱ ትምህርት ሳይቆጠር፣ 7 ሌሊት ነው። 3ቱን ሴቻ አክስቴ ቤት አደርኩ። 2ቱ ለቅሶ ነበር። 2ቱ ሰው ለማሳከም። ለድንኳን የሚሆን ስንት ቀረ? ዜሮ። አክስቴ ሴቻ ቤቷ እያለ እኔ ድንኳን ውስጥ ባድር ደግሞ ዕድሜ ልኳን አታናግረኝም። ይሄም ወጪ ነው፣ ፎልደሩ ውስጥ ግን አልተጻፈም።

እሺ፣ ጎበዝ ሆነን በዓመት ሁለት ጊዜ ሄድን እንበል፣ 4 ሌሊት። ካርድ የሌለው 2,400 ብር ይከፍላል። ካርድ ያለው 10,600። አንዱ ሌሊት 2,650 ብር መጣ ማለት ነው። ለድንኳን እኮ አይደለም፣ ድንኳን ለሚተከልበት መሬት! ውሉ ላይ "ድንኳን አባሉ ያቀርባል" ይላል፣ አንብቡት።

"ምግብ ላይ ቅናሽ አለው" ያላችሁኝ ወዳጆች፣ የከሰራችሁት 8,200 ብር በ15 በመቶ ቅናሽ እንዲመለስ ከ54 ሺህ ብር በላይ መብላት አለባችሁ። ዓሣ ጎረድ ጎረድ አድርጋችሁ ብሉ፣ መልካም ምግብ!

"ካርዱ ካለን እኮ እንሄዳለን፣ ያስገድደናል" የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ይሄ ክርክር እኛ የጀመርነው አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የሦስት ጂሞችን ከ7,700 በላይ አባላት መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናት አሳተሙ። ወርሃዊ ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሚሄዱት በወር 4 ጊዜ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው። እዚያው በር ላይ ደግሞ የ10 ጊዜ ትኬት ቢገዙ አንዱ በ10 ዶላር ይደርሳቸው ነበር። ያውም ጂሙ ከተማቸው ውስጥ ያለ፣ አስፋልት ያለው፣ መኪና ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሰው ካርድ ሲገዛ የሚገዛው የሚመኘውን ራሱን ነው። ከፋዩ ግን ያው የዱሮው ሰውዬ ነው። ሻጩ ይህን ያውቃል። ሁላችንም 24 ሌሊታችንን ይዘን ብንመጣ ቦታውም አይበቃው። እሱ የሚያተርፈው ከምንቀረው ነው።

ካርድ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ያለ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር የጻፈልኝ አለ። እዚያ ለብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ለዓመታት 80 ዶላር ሲሸጥ የቆየ ዓመታዊ ካርድ አለ። ትልልቆቹ ፓርኮች ለአንድ መኪና 35 ዶላር ያስከፍሉ ስለነበር ሦስት ፓርክ ያየ ሰው አተረፈ። እሱ በአንድ ክረምት አምስት አይቷል፣ ሐላል ነው። ግን ያ ካርድ እንኳን የመግቢያ ነው፣ የድንኳን ቦታ ለብቻው ይከፈላል። እኛም ጋ ቢሆን ሲቀላ ወይም ሴቻ የሚኖር፣ ልጆቹን በየሳምንቱ ዋና የሚወስድ ሰው ካርዱን ቢገዛ አልቃወምም። እሱ ቀኑም አለው፣ ቦታውም ቅርቡ ነው። የኔ ንግግር ካምባ ተራራ ላይ ተቀምጦ ለሐይቅ ዳር በየወሩ ከደመወዙ ለሚቆረጥበት ሰው ነው።

"ብር እየረከሰ ነው፣ አሁን መክፈል ዋጋውን ማሰር ነው" ያለኝ የኢኮኖሚክስ መምህራችን ጥሩ ነጥብ አነሳ። እኔም ለአፍታ ተረታሁ። ከዚያ ውሉን ገለጥን። "ድርጅቱ ዋጋና አገልግሎት የማሻሻል መብቱ የተጠበቀ ነው" ይላል። ቀጥሎ "አባሉ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ ውሉ በራሱ ይታደሳል"። ቀጥሎ "ካርዱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም"። ስለዚህ የታሰረው ማነው? ዋጋው ወይስ እኛ?

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ከ11ዱ ፈራሚዎች አንዱ ዘንድሮ የተቀጠረ ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሜ ነው የምለው፣ ስሙን አልጽፍም። ከሁለት ወር በፊት እናቱ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተራቸውን የሚያድሱበት ብር ጠይቀውት "እማዬ፣ ካልታመምሽ እኮ ተበላ ማለት ነው" ብሎ መለሳቸው። እንደ ቀልድ ነው ያወራን፣ እኛም ስቀናል። ያው ልጅ ባለፈው ሳምንት ላልሄደበት ሌሊት የሚበላ ብር ፈረመ። ያን ቀን ግን ማናችንም አልሳቅንም፣ ምክንያቱም ሁላችንም እየፈረምን ነበር።

ሁለቱም "አባልነት" ይባላሉ፣ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። መዝናናት አንተ ቀን የምትመርጥለት ነገር ነው። ስትሄድ ትከፍላለህ፣ ካልሄድክ አትከፍልም፣ በቃ። በሽታና ሞት ግን ቀን አያስመርጡም፣ ሲመጡም ከአቅምህ በላይ ይዘው ነው የሚመጡት። ለዚህ ነው አባቶቻችን እድር ያቋቋሙት። በእድር ሃያ ዓመት ከፍሎ ድንኳኑ ቤቱ ያልተተከለ ሰው "ከሰርኩ" ይላል? ተመስገን ይላል እንጂ! የጤና መድህኑም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው የእድር ሐሳብ ነበር፣ ጤነኛው ለታመመው ይሸፈናል፣ ነገ ደግሞ ተራው ይዞራል። መድኃኒት የለም፣ ሰልፉ ረጅም ነው የሚል ቅሬታ አለ፣ አውቃለሁ፣ ልክም ነው፣ ይጮህበት። ግን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በዚያ ደብተር አንታቀፍም። ወላጆቻችን ይታቀፋሉ። የነሱን ደብተር ማደስ ከኛ የድንኳን ካርድ በፊት ይመጣል። ድንኳን ካማረን የእድሩ ድንኳን አለ!

"ታዲያ መምህር አይዝናና?" ትሉኛላችሁ። ይዝናና እንጂ! ከማንም በላይ ደክሞታል። ግን በየወሩ 800 ብር እያስታወሰ የሚያናድድህ ነገር እረፍት አይደለም፣ ሌላ ዕዳ ነው።

ለመቃወም ብቻ እንዳልጻፍኩ እንዲታወቅ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። 11 ሰው በ10,600 ሲባዛ 116,600 ብር ነው። የዚህን ሩብ እንኳን በፈቃዳችን ብናዋጣ በበጋ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ መኪና ተኮናትረን አንድ ሌሊት ከፍለን ማደር እንችላለን። ሲተርፍም የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎቻችንን ነጭ ሳር ይዘን እንሂድ። እኔ ክፍሌ ውስጥ "ነጭ ሳርን ያየ እጁን ያውጣ" ብዬ ነበር። ከ52 ተማሪ 4 እጅ ወጣ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ተመሠረተ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ በአባያና በጫሞ መካከል ነው፣ የኛው ዞን ጥግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚያ መንገድ ላይ ከሞተች አንዲት ማታ የምትበር ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተገኝቶ፣ በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ የፓርኩን ስም ይዛ በዓለም ተመዘገበች። የውጭ ሰው ይቺን ወፍ ፍለጋ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። የካምባ ልጅ አዞን የሚያውቀው በባዮሎጂ መጽሐፍ ሥዕል ነው። ይሄ አያሳፍርም?

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ብቻ። ባለፈው ዓመት በእውነት ስንት ሌሊት ሄድኩ? በሚቀጥለው ዓመት የትኞቹን ቀናት ነው የምሄደው፣ ካላንደሩ ላይ አሳየኝ? መውጣት ብፈልግ በሩ የት ነው? ሦስቱን የመለሰ ሰው ይፈርም፣ እኔ ራሴ እመርቀዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ቅጹ ያለው ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እስከ አርብ ድረስ ማውጣት ትችላለህ። ብቻህን ማውጣት ካፈርክ ንገረኝ፣ አብረን እንገባለን። ከዚያ እማማ ጋ ደውል።

ለተሳሳትኩበት እታረማለሁ፣ ኮሜንት ክፍት ነው። የድንኳን ቦታው ሰዎችም ካነበባችሁት፣ ለአንድ ሌሊት ከፍለን ስንመጣ ቦታ አትንፈጉን። ሰላም ዋሉ።