ስለ ነፋስ ኃይልና ስለ ናፍጣ ሒሳብ



በአዳማ ከተማ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን ሥራዬ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ነው። አሠሪዬ ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣ አትክልት በማቀዝቀዣ ክፍል አኑረው ያከፋፍላሉ። ባለፈው ወር መዝገቡን ስዘጋ ጠሩኝና፣ «ይህን አሮጌ ጄኔሬተር በአዲስ እንለውጠው ወይስ ይቅር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን መስሎ ስለ ታየኝ አሳቤን በዚህ ገጽ ለማቅረብ ደፈርሁ።

አካባቢያችን የኃይል ምንጭ አልተነፈገም። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር። በከተማችን አጠገብ ከሚታዩት የነፋስ ማማዎች መካከል 34ቱ በ2004 ዓ.ም.፣ 102ቱ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ተጠናቀው በድምሩ የ204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በበጋ ውሃው ሲጎድል ነፋሱ ስለሚበረታ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ታዲያ በማማዎቹ ሥር ተቀምጠን ናፍጣ የምናነደው ስለ ምንድን ነው? «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የነፋሱ ኃይል በቀጥታ ወደ ሱቃችን አይመጣም፤ ወደ አገሩ ዋና መስመር ገብቶ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትራንስፎርመርና በሽቦ በኩል ይደርሰናል። በእኔ አስተያየት እንቅፋቱ የሚበዛው በዚህ በመጨረሻው መንገድ ላይ ነው። ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ እየሸጥን በዚያው በጅቡቲ ወደብ ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ማስገባታችን ለነጋዴ የሚያስደስት ሒሳብ አይደለም።

ባለጠጋዪቱ ዴንማርክ በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ ኃይሏን በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ታገኝ ነበር። ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ የሚበልጠው ከነፋስ ነው። ይሁን እንጂ ማማ በማቆም ብቻ አልተወሰነችም፤ ነፋስ ሲተርፋት የምትሸጥበትን፣ ሲያንሳት የምትገዛበትን መስመር እስከ ኖርዌይና ስዊድን ዘርግታለች። ማማ ያለ ሽቦ ጎተራ ያለ በር ነው።

እኛ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር እያንዳንዳችን በየጓሯችን ሞተር አስነሥተን ዝም እንላለን። ጄኔሬተር ቤቱን ያበራል፤ የባለቤቱን አፍ ግን ይዘጋል። አቤቱታ የሌለበት መስመር ደግሞ ጠጋኝ አያገኝም።

ስለዚህ ለአሠሪዬ፣ «አዲሱን አይግዙ፤ አሮጌውን ያስጠግኑት። እኔም መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የነደደውን ናፍጣ፣ የተበላሸውን ዕቃ በመዝገብ እይዛለሁ» ብዬ መለስሁላቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «መዝገብ ቲማቲም አያቀዘቅዝም» አሉኝ። እውነት ነው። የአንድ ሱቅ መዝገብ አያቀዘቅዝም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያሉ ነጋዴዎች መዝገብ በምክር ቤታችን አማካይነት ተደምሮ በየወሩ ለሚመለከተው ክፍል ቢቀርብ ግን፣ የትኛው ትራንስፎርመር መቼ መለወጥ እንዳለበት በቁጥር ያስረዳል። አስመጪዎቻችንም ከጄኔሬተር ይልቅ ጥራት ያለው ሽቦና የመስመር ዕቃ ቢያስመጡ ገበያው አያሳፍራቸውም።

አሠሪዬ ገና አልወሰኑም። መዝገቡን ግን ከሰኞ ጀምሮ ከፍቼዋለሁ፤ እናንተም ክፈቱ።