አራሷን ማን ጠየቃት?

እኛ አራስ መጠየቅ እናውቃለን። ገንፎው አለ፣ አጥሚቱ አለ፣ ቅቤው፣ ምርቃቱ አለ። እዚህ አምበር ሁኑ ወይ ቢቸናና ሞጣ ሂዱ፣ አራስ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ የለም። አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላል። ግን ልብ በሉ፣ የገባው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ልጁ ነው። «ማንን መሰለ?» «ይጠባል?» «ሌሊት ያስተኛል?» እሷን ከጠየቅናትም «ትበያለሽ ወይ?» ነው። ልቧ እንዴት እንደሰነበተ የሚጠይቃት የለም።

ይህን የምጽፈው ከቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ እናት፣ ብዙዎቻችሁም አባት ስለሆናችሁ ነው። ሰሞኑን አንዷ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የወሊድ ድብርት በሂፕኖሲስ ይድናል የሚሉት እውነት ነው?» ብላኛለች። እሱን እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። በወለዱ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሆድ መባባት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላሉ (ባዮሎጂ ላይ ያልተኛችሁ ታስታውሳላችሁ)፣ እንቅልፍ ማጣቱም ይጨመርበታል። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ተኝቶላት እሷን እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ምግብ ካልጣማት፣ ልጇን ስታቅፍ የሰው ልጅ ያቀፈች ከመሰላት፣ «እኔ እናት አልሆንም» እያለች ራሷን ከወቀሰች፣ «በሞትኩና ባረፍኩ» የሚል ሐሳብ ከተመላለሰባት፣ ይህ ሕመም ነው። ስንፍና አይደለም። ጥጋብም አይደለም። «ባሏ አቀማጥሏት ነው» የምትሉ አፋችሁን ብትይዙ መልካም ነው።

ደግሞ የኛ እናቶች «ድብርት ያዘኝ» አይሉም እኮ። «ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ጨነቀኝ ጠበበኝ» ነው የሚሉት። ስለዚህ የራስ ምታት ክኒን ይዛ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛው ድብርት ነው። ከአምስት አንዷ ማለት ነው። እዚሁ አገራችን ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን እስኪወልዱና ከወለዱም በኋላ ተከታትለዋል፤ ካጠኑት አንዱ የአራስ ወግ ከጭንቀታቸው ጋር ያለው ግንኙነት ነበር። ወጋችን ተራ ነገር እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

ከ1,000 ወላድ አንዷ ሁለቷ ላይ ደግሞ የባሰው ይመጣል። የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ ቀናት ሳትተኛ ትሰነብታለች፣ ንግግሯ ይምታታል። ይህ በዕለቱ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። ጠበል እወስዳታለሁ ያለ ይውሰዳት፣ እኔም በጠበል አምናለሁ፤ ግን ሐኪም ሳያያት አትደር። ከልጁ ጋርም ብቻዋን አትተዋት።

ወደ ሂፕኖሲስ ልምጣ። መተት አይደለም፣ እንቅልፍም አይደለም። ሰው በባለሙያ ድምፅ እየተመራ ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ ሰብስቦ ሰውነቱን የሚያላላበት ዘዴ ነው። ውጭ አገር ለምጥና ለጭንቀት ይጠቀሙበታል። የወሊድ ድብርትን ይከላከል እንደሆነ የኮክሬን ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ሰብስበው አይተው፣ ይከላከላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። አቅሙ ያላት ከሌላ ሕክምና ጋር ብትሞክረው አልቃወምም፤ በቲክቶክ ቪዲዮ ተማምና ሐኪም ከመቅረቧ ግን ይቅርባት። ድምፅ ለምትሰማዋማ ጭራሽ አይሆንም።

እኔን ያስቀናኝ የፓኪስታኑ ነው። አቲፍ ረህማን የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ያሉ የገጠር ሠራተኞችን አሠልጥነው በድብርት የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን ቤት ለቤት እንዲያነጋግሩ አደረጉ። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ከወሊድ በኋላ በስድስተኛው ወር ድብርቱ ያልለቀቃቸው ከ100ው 23 ነበሩ። ሥልጠናው በሌላቸው ሠራተኞች እኩል ጊዜ የተጎበኙት ዘንድ ግን 53። ሐኪም አይደሉም እኮ! የሰፈር ሴቶች ናቸው።

እኛ ጤና ኤክስቴንሽን ከጀመርን ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ 20 ዓመት አልፎናል። ልጁ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ ለክትባት ይመጣል። ሦስት ጊዜ እናቲቱ ባለሙያ ፊት ትቆማለች። ልጁ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ «ቀጠሮሽ በዚህ ቀን» ተብላ ትሄዳለች። እዚያች ካርድ ላይ ሁለት ጥያቄ ቢጨመር ምን ይጎድላል? «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድ ይብስሽ፣ ተስፋ ያስቆርጥሽ ነበር ወይ? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አስጠልቶሽ ነበር ወይ?» ባለሙያው ሥራ በዝቶበታል፣ መድኃኒትም የለም ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ በዚህ መንገድ በሚዘጋበት ዘመን የበለጠ ከብዷል። ግን ጥያቄ መጠየቅ መድኃኒት አይፈልግም።

ባሎች፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የተሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ለገበሬው ያም የለው። ሌሊቱ ግን የናንተ ነው። አንዴ አጥብታ ስትጨርስ ልጁን ተቀበሏትና አራት አምስት ሰዓት ሳትነቃ ትተኛ። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ፤ ሪፈር አስጽፋችሁ ደብረ ማርቆስ ድረስ ውሰዷት። መድኃኒት ከታዘዘላት ጡት እንደምታጠባ ንገሩ፣ እያጠቡ የሚወሰድ አለ።

የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ጋ እናቲቱ ትጠየቃለች ወይስ አትጠየቅም? ታች ጻፉልኝ። በአደባባይ መጻፍ የማትፈልጉ በውስጥ መስመር ኑ፣ ስማችሁ ከኔ አይወጣም።