ልጆቻችንን ማነጽ ወንጀል አይደለም!

ውድ ሙስሊም ወገኖቻችን! ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ልጆቻችን መስጂድ ውለው ቁርኣን ይቀራሉ፣ አዳብና ሲራ ይማራሉ። ሰላትን በወቅቱ መስገድን፣ የወላጅን ሐቅ መጠበቅን፣ ከጫትና ከሺሻ ቤት መራቅን የሚለምዱት በዚሁ ሐለቃ ነው። ታዲያ ይህን «የአክራሪነት መፈልፈያ» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? የሺሻ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የመድረሳው በር የሚታሸገው በየትኛው ሕግ ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና ሥነ ምግባር ኮትኩተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የምንጠይቀው ይህ እንዲከበር እንጂ ችሮታ አይደለም!

ወላጆች ሆይ! ያልተጠቀሙበት መብት እንደተነጠቀ ይቆጠራል። ወንዱንም ሴቷንም ወደ ኮርሱ እንላክ፤ ምን እንደተማሩም እንጠይቅ፤ ኡስታዞቻችንን በገንዘብም በዱዓም እናግዝ። አላህን በመገዛት ያደገ ወጣት በቂያማ ቀን ከአርሽ ጥላ ስር ከሚጠለሉት ሰባቱ አንዱ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህን አደራ በሰላማዊ መንገድ እንጠብቃለን፤ ኢንሻአላህ!

አላሁ አክበር!