«ሒሳብ አልገባውም» ከማለታችን በፊት



አዲስ አበባ ውስጥ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ። በየወላጅ ስብሰባው አንድ ንግግር ይደጋገምብኛል፤ «ልጄ ንባቡን እንደ ውኃ ጠጥቶታል፤ ሒሳብ ግን እምቢ አለው።» ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በዚህ ንግግር ስለማልስማማ ነው። ሒሳብ እምቢ አላቸው ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ የተቸገሩት በንባብ ነው።

አንድ ጥያቄ ላሳይዎት። «ፋጡማ 24 ብርቱካን ገዛች። ለ6 ልጆች እኩል ብታካፍል ለእያንዳንዱ ልጅ ስንት ይደርሰዋል?» ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጥቂት የማይባሉ ልጆች ደብተራቸው ላይ 30 ብለው ያስቀምጣሉ። ሁለት ቁጥር አይተው ደምረዋል። ከነዚህ አንዱን አጠገቤ አስቀምጬ ጥያቄውን ቀስ ብዬ ሳነብለት ጣቶቹን ቆጠር ቆጠር ያደርግና «አራት!» ይላል። ማካፈል ያውቃል ማለት ነው። ራሱ ሲያነበው ግን «ብር…ቱ…ካን» እያለ ስለሚጎተት፣ «እኩል» የሚለው ጋ ሲደርስ ፋጡማ ምን እንደገዛች ጠፍቶበታል። የሚይዘው ሲያጣ ቁጥሮቹን ይዞ ይሮጣል።

ወላጅ ይህን ባያስተውል አይፈረድበትም፤ ልጁ ቤት ውስጥ ሲያነብ ሰምቷል። ምንባቡን ግን ክፍሉ በሙሉ ሳምንቱን በአንድ ድምፅ ሲለው ስለሰነበተ ልጁ በቃሉ ይዞታል፤ ገጹን የሚገልጥበትን ቦታ ሳይቀር ያውቃል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ከጥንት ያውቁት ነበር። የኔታ ሀሁን በዜማ ካስባሉ በኋላ አቡጊዳን ያስከትላሉ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል እርከኑም ፊደሉም አብሮ ስለሚቀያየር የሀሁ ዜማ አያዋጣም፤ ልጁ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ለይቶ መጥራት አለበት። ይህን ብልሃት ዘመናዊው ትምህርት ቤት ችላ ማለቱ ያሳዝነኛል።

ፊደላችንም ቀላል ሥራ አይደለም። 33ቱ በ7 እርከን ሲቆጠሩ፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር፣ 231 ይሆናሉ። በዚያ ላይ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አባባ ገና አልመጣም» እና «ለገና በግ ተገዛ» የሚሉትን ልጁ በትክክል የሚያነባቸው ሐሳቡን እየተከተለ ከሄደ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደል መቁጠር መጀመሪያው እንጂ ንባቡ አይደለም።

ነገሩ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኩዎት። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች ተገኝተዋል። ከዓመታት በኋላ የዓለም ባንክ በግምቱ እንዳስቀመጠው፣ በአገራችን ዕድሜያቸው አሥር ዓመት አካባቢ ከሆነ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ ወሬውም ሁሉ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ሆነ። እኔ ያሰብኩት እነዚያ ልጆች አንደኛ ክፍል ሳሉ ማን አጠገባቸው ተቀምጦ እንዳስነበባቸው ነው።

ሒሳቡም የራሱ ጣጣ አለው። 52 ሲቀነስ 27 ስሰጣቸው 35 የሚል መልስ ይመጣል። ልጁ ከሰባት ላይ ሁለትን፣ ከአምስት ላይ ሁለትን ቀንሷል፤ ትልቁ ከላይ ይሁን ከታች ግድ የለውም። «ተበደር» እያልኩ ብደጋግምለት ከማን እንደሚበደር አያውቅም። መፍትሔው ስንጥር ነው። አሥር አሥሩን በላስቲክ አስሬ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ እሰጠዋለሁ፤ «ሃያ ሰባት ስጠኝ» እለዋለሁ። ሁለት እስር ያቀብለኛል። ሰባት ነጠላ ሲፈልግ ያለው ሁለት ብቻ ነው። እጁ ላይ ያለውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ አንዱን ላስቲክ ይፈታል። መበደር የሚባለው ይኸው ነው፤ ላስቲኩን በገዛ እጁ የፈታ ልጅ ብዙም አይረሳውም። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ስልሳ ልጅ ያጨቀ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጊዜ የለም፤ መጽሐፉም መጨረስ አለበት። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁለት ምዕራፍ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የፋጡማን ብርቱካን በአማርኛ አንብቦ ያልተረዳ ልጅን ያው ጥያቄ በባዕድ ቋንቋ ይጠብቀዋል። መካከለኛ ደረጃ ላይ «ሰነፈ» የሚባለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

እርስዎን የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ማታ የልጅዎን መጽሐፍ ገና ያልተማሩት ገጽ ላይ ይግለጡ። ከመሀል አንድ ቃል ላይ ጣትዎን አሳርፈው ያስነብቡት፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሰው መጽሐፉን ይዝጉና ምን እንደሚል በራሱ አፍ ይንገርዎ። ሒሳብ ሲሠራ መልሱን ከማረምዎ በፊት «እንዴት አገኘኸው?» ይበሉት፤ ትክክል ሲሆንም ጭምር። እርስዎ ባይመችዎት እንኳ ታላቅ እህቱ ወይም የጎረቤት ልጅ ይህን ልታደርግልዎ ትችላለች።

ስብሰባ ሲመጡም «ስንተኛ ወጣ?» የሚለውን ይተዉልኝ። «የትኞቹ ፊደሎች ይምታቱበታል? የሒሳብ ጥያቄ በቃላት ሲሰጠው የቱ ጋ ይቆማል?» ብለው ይጠይቁኝ። እኔም ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተር መዝግቤ ለመቆየት ቃል እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር