የሆስፒታል ቦታ በሕዝብ ጥቅም ይመረጥ

በአንድ ታላቅ ከተማ አዲስ ሆስፒታል የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶችና ለመሬት አስተዳደር ሠራተኞች ብቻ የሚተው አይደለም። ማን በጊዜ እንደሚታከምና ማን በመንገድ እንደሚቀር የሚወስን በመሆኑ የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ነው።

እኛ የጉለሌ ነዋሪዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች እንባላለን። ቅዱስ ጳውሎስ በመካከላችን ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ከሽሮ ሜዳ በላይ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ይገኛል፤ ራስ ደስታም ሆነ የካቲት 12 ሩቅ አይደሉም። ይሁን እንጂ በሆስፒታል አጠገብ መኖርና ሕክምና ማግኘት አንድ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ ከመላ ሀገሪቱ የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል። ስለሆነም የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ተራውን የሚጠብቀው ከከተማው ዳር ዳርና ከክፍለ ሀገር ከመጣው በሽተኛ ጋር ነው። ጥፋቱ ግን ከሩቅ የመጣው ሰው አይደለም፤ እርሱም በሰፈሩ የሚታከምበት ያጣ ወገናችን ነው።

የቦታ ምርጫ ውጤቱ ለትውልድ የሚዘልቅ መሆኑን ከቅዱስ ጴጥሮስ እንማራለን። ሆስፒታሉ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ስለነበር፣ ንጹሕ አየር ባለበት ዳገት ላይ መሆኑ ለዘመኑ ሕክምና ተስማሚ ነበር። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በአብዛኛው በየጤና ጣቢያው መድኃኒት እየወሰዱ ይድናሉ፤ ሆስፒታሉም ልዩ ልዩ በሽታዎችን ያክማል። ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው፤ በሌሊት ምጥ ለያዛት እናት ንጹሕ አየሩ መኪና አይሆናትም።

በሀገራችን የጤና ሥርዓት መሠረት በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰዎች፣ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። ቁጥሩ ሚዛን ነው፤ ዳገቱን፣ ወንዙንና የአውቶቡሱን መስመር ግን አይቆጥርም። እነዚህን የሚያውቀው ነዋሪው ነው። በመሆኑም ባዶ መሬት ስለተገኘ ወይም ሕንፃው ከአውራ ጎዳና ስለሚታይ ብቻ ቦታ ሊመረጥ አይገባም።

«ሆስፒታል የሚሠራ ከሆነ በእኛ ሰፈር ይሁን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስሜታቸው ይገባናል፤ አሳባቸውን ግን አንቀበልም። ነባሮቹ ሆስፒታሎች በብዛት የሚገኙት በከተማዋ መካከልና ሰሜን ሲሆን፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሰፈረው ብዙ ሕዝብ ግን እንደ ቱሉ ዲምቱና ቦሌ አራብሳ ባሉ ዳርቻዎች ይኖራል። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ባገኘችው አትሌት የተሰየመው የጥሩነሽ ቤይጂንግ ሆስፒታል በአቃቂ ቃሊቲ መሠራቱ የትክክለኛ ምርጫ ምሳሌ ነው። በዳርቻ የሚሠራ ሆስፒታል የጉለሌንም ሰልፍ ያሳጥራል። ስለዚህ ቀጣዩ ሆስፒታል ለእነርሱ ይሁን ስንል ለራሳችንም መናገራችን ነው።

በግለ ሂስ መንፈስም አንድ ነገር እንጨምር። በጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችለውን ሕመም ይዘን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የምንሮጥ ብዙዎች ነን። የጤና መሠረቱ ከሕዝቡ አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መሆኑ በመስከረም 1971 ዓ.ም. በአልማ አታ ለዓለም ታውጇል። ጤና ጣቢያዎቻችን መድኃኒትና ባለሙያ እንዲሟላላቸው በየማኅበራችን መጠየቅ፣ ሲሟላላቸውም ቅድሚያ በእነርሱ መታከም የእኛ ድርሻ ነው።

የቦታ መራጮች ድርሻ ደግሞ ካርታውን ከመዝጋታቸው በፊት ነዋሪውን ሰብስበው «በሌሊት በሽተኛ ይዛችሁ በምን ትመጣላችሁ?» ብለው መጠየቅ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ያልገባበት ንድፍ ሕንፃ ሊያስገኝ ይችላል፤ ሕዝባዊ ሆስፒታል ግን አያስገኝም።