ስለ እርድና ስለ ስሙ አመጣጥ

በየቤታችን የአልጫውን ወጥ መልክ ቢጫ የሚያደርገው እርድ የዝንጅብልና የኮረሪማ ዘመድ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሦስቱንም ከአንድ ቤተ ሰብ ይቈጥሯቸዋል። እርድ ያለበትንም ወገን ኩርኩማ ብለው ይጠሩታል። የዚህ ወገን ዓይነቶች ከመቶ የሚበልጡ ሲሆኑ፥ ይልቁንም የሚበቅሉት በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በአገራችንም እርድ በደቡብ ምዕራብ በኩል በቴፒ አካባቢ ይተከላል።

ኩርኩማ የሚለውን ስም በመጽሐፍ ያጸናው የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1753 ነበር። ቃሉ ግን ኩርኩም ከሚለው ከዓረብኛ የመጣ ነው። የሚያስደንቀውም ኩርኩም በጥንት ጊዜ የዛፍራን ስም እንጂ የእርድ ስም አለመሆኑ ነው። በዕብራይስጥም ካርኮም ማለት ዛፍራን ነው፤ ይኸውም በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ምዕራፍ 4 ቍጥር 14 ከሽቱዎች ጋር ተቈጥሮ ይገኛል።

ዛፍራን ከአበባ ውስጥ እንደ ክር እየተለቀመ በብዙ ድካም የሚሰበሰብ ስለ ሆነ ዋጋው እጅግ ውድ ነው። እርድ ግን ከመሬት ተቈፍሮ፥ ተቀቅሎና በፀሐይ ደርቆ የሚፈጭ ስለ ሆነ ርካሽ ነው። ሁለቱም ቢጫ አድርገው ስለሚያቀልሙ የውዱ ስም ለርካሹ ተላለፈ፤ አውሮፓውያንም እርድን የሕንድ ዛፍራን እያሉ ይጠሩት ነበር።

ቀለም ስምን እንዲህ ካዛወረ ገዢንም ማሳሳቱ አይቀርም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 በባንግላዴሽ የተደረገው ምርመራ፥ የእርዱ ሥር ደምቆ እንዲታይ እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ቢጫ ቀለም ይቀባ እንደ ነበር ገለጠ። እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው። መንግሥቱ ግን ሕዝቡን አስጠንቅቆ አጥፊዎቹን ስለ ቀጣ፥ በገበያ ከተመረመረው እርድ በ2019 ከመቶ 47 እጅ እርሳስ የተገኘበት ሲሆን በ2021 ግን ምንም አልተገኘበትም። ትጋት ያለበት ቍጥጥር ፍሬ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ለቤት እርድ የሚገዛ ሰው ከተፈጨው ይልቅ ያልተፈጨውን ሥር ቢመርጥ ይሻላል። ያልተቀባ እርድ ከውጭ ደብዘዝ ያለ፥ ሲሰበር ግን ውስጡ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ስለዚህ ከላይ እጅግ የሚያብረቀርቀውን መተው፥ የተመረጠውንም ደኅና አድርጎ አጥቦና አድርቆ በቤት መውቀጥ ይገባል። በነጭ ልብስ ላይ የወደቀ እርድ ሳሙና ሲነካው መቅላቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ እርድ መኖሩን ያመለክታል እንጂ ንጹሕ መሆኑን አያስረዳም።

የወጥ መልክ ቢደበዝዝ ነውር የለበትም፤ የልጆቻችን ጤና ከወጥ መልክ ይበልጣልና።