የተቀየረውን መስመር አሳዩን

«የአገልግሎት ውላችንን አሻሽለናል።» ይህች ኢሜይል ስትመጣ ብዙዎቻችን ሳንከፍት እናልፋታለን። ስንፍና ነው ይሉናል፤ እኔ ግን አልስማማም። ረጅም የሕግ ጽሑፍ ማንበብ የሚፈጀው ሰዓት የታወቀ ነው፤ የሚገኝበት ጥቅም ግን አይታወቅም። አንብበን ባንስማማ እንኳ መደራደር የለም፤ ወይ ተቀበሉ፣ ወይ ውጡ ነው። በኢኮኖሚክስ ዓይን ካየነው አለማንበብ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ስለዚህ ሸክሙ መውደቅ ያለበት ውሉን በሚጽፈው ላይ ነው።

ይህን የምለው በተለይ ኮድ ስለምናስቀምጥባቸው እንደ ጊትሃብ ስላሉ መድረኮች ነው። ለጀማሪ ፕሮግራመር ጊትሃብ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን ሲቪም ነው። ውሉ ኮዱ የእናንተ ነው ይላል፤ ኩባንያው ግን አገልግሎቱን ለመስጠት ኮዱን እንዲያከማች፣ እንዲቀዳና እንዲያሳይ ትፈቅዱለታላችሁ። «አገልግሎቱ» የሚለው ቃል እስከ የት ይሄዳል? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊትሃብ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ኮድ የሠለጠነውን ኮፓይለት የተባለ ኮድ ጸሐፊ ሲያስተዋውቅ ብዙዎች «ለዚህ መቼ ፈቀድን?» ብለው ጠየቁ። በ2022 ጉዳዩ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ።

አንዳንዴ ደግሞ ለውጡ ኪስ ይነካል። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ዶከር፣ በነፃ የቡድን አካውንት የሶፍትዌር ጥቅሎቻቸውን ያስቀመጡ ሰዎችን በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ አካውንታችሁ ይታገዳል አላቸው። ተቃውሞው ሲበረታ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ወሩ ሳያልቅም ውሳኔውን ሰረዘ። እስቲ ይህን ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሆናችሁ አስቡት። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ተማሪ «ክፈል ወይም ውጣ» ማለት በቃ «ውጣ» ማለት ነው።

ሕግ ያድነናል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመርህ ደረጃ ዝምታን እንደ እሺታ አይቆጥርም። የእነዚህ መድረኮች ውል ግን «መጠቀም ከቀጠላችሁ ተቀብላችኋል» ዓይነት ነው፤ የጊትሃቡ ደግሞ የሚዳኘው በካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ለእኛ ሩቅ ነው።

አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ኩባንያው ዋጋውንም ደንቡንም የመቀየር መብት አለው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አለው። ጥያቄዬ ስለ አቀያየሩ ነው። እነዚህ መድረኮች በኮድ ላይ የጠፋውን መስመር በቀይ፣ የተጨመረውን በአረንጓዴ ማሳየት የዕለት ሥራቸው ነው። ታዲያ ውላቸው ሲቀየር «አገልግሎታችንን ለማሻሻል» የሚል ለስላሳ አንቀጽ ብቻ የሚልኩልን ለምንድን ነው? ጊትሃብ የውሎቹን ጽሑፍ በራሱ መድረክ ላይ በይፋ ስለሚያስቀምጥ የፈለገ ሰው ለውጡን መስመር በመስመር ማየት ይችላል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ፈልጎ የሚያገኘው ስንቱ ነው? ቀይና አረንጓዴው ኢሜይሉ ውስጥ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ይሰጠን። ጊትሃብ ለትልልቅ ለውጦች ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ለማሳወቅ በውሉ ቃል ገብቷል። ለቃላት ለውጥ ይበቃል፤ ነፃ የነበረን ነገር ለመዝጋት ግን የዶከር ጉዳይ እንዳሳየው አይበቃም።

ሦስተኛ፣ መውጫው በር ክፍት ይሁን። በእኛ በኩል የምንችለውን እናድርግ። ጊት ኮዳችሁን ከነሙሉ ታሪኩ ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር እንድትገለብጡ ስለሚፈቅድ ዛሬውኑ አንድ ቅጂ አስቀሩ። ሰዎች የጻፉላችሁ አስተያየትና የከፈቱት የችግር ሪፖርት ግን ከኮዱ ጋር አብሮ አይመጣም፤ መድረኩ ላይ ይቀራል። አብዛኞቻችንን አስሮ የሚያስቀረን ይሄ ነው። መውጣት ሲከብድ ደግሞ ማንኛውም ውል ይዋጣል፤ ኩባንያዎቹም ይህን ያውቃሉ።

ስለዚህ ያቺ ኢሜይል በሚቀጥለው ስትመጣ ሙሉውን ውል አንብቡ ብዬ አልመክራችሁም። አንድ ጥያቄ መልሳችሁ ላኩላቸው፦ የትኛው መስመር ነው የተቀየረው? ብዙ ሆነን ከጠየቅን፣ ዶከር እንደሰማ ይሰማሉ።